የለካሁት ቢጫነቱን ነበር

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ የሌላችሁ ይህቺን አንቀጽ ብቻ አንብባችሁ እለፉ። በቴሌግራም የተሸጠ "የእርድና የእሬት የፊት ቅባት" ቤታችሁ ካለ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ "4.5% ኩርኩሚን፣ በኬሚስትሪ መምህር የተረጋገጠ" የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት፣ መምህሩ እኔ ነኝ። ቁጥሩ ስህተት ነው። ቅባቱን አትቀቡት። ሻጯ ገንዘባችሁን ትመልሳለች፣ ተነጋግረናል። ይሄን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም፣ እናንተም የምታውቋት ኮሜንት ላይ እንዳትጠሩብኝ አደራ።

ጊዜ ያላችሁ ቁጭ በሉ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጥር ላይ ነው። ማታ ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። "ቲቸር፣ አወቅከኝ?" አለች። ድምፅ አልለየሁም። ስሟን ስትነግረኝ ግን ወንበሯ ሳይቀር ትዝ አለኝ፤ መስኮቱ ጥግ፣ ሦስተኛው ረድፍ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት። ጠያቂ ልጅ ነበረች፤ "ለምን?" ካለች አትለቅም። ከዚያ አረብ አገር ሄዳ ጥቂት ዓመት ሠርታ መጣች። ይዛው በመጣችው ብር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የኮኮናት ዘይት፣ የንብ ሰም፣ የእሬት ውስጡንና የእርድ ዱቄት አቀላቅላ የፊት ቅባት ትሠራለች። ሳሙናም ጀምራለች።

"ቲቸር፣ ሰው ምን ያህል አለው እያለ ይጠይቀኛል" አለችኝ። "የውጪዎቹ ላይ በመቶኛ ተጽፏል። የኔ ላይ ምን ልጻፍ? አንተ ለካልኝ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ? አሁን ሳስበው እምቢ ማለት አልነበረብኝም። "የምችለው ይሄን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይ አልችልም" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ዲፕሎማ ይዤ ለዓመታት ስለ ትኩረት መጠን፣ ስለ ሞላሪቲ፣ ስለ መፍትሔ ሳስተምር "ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅማል?" ሲሉኝ የኖሩ ልጆች አሉ። ይኸው የጠቀማት ልጅ መጣች! በማግስቱ አሥረኛ ክፍል ገብቼ "ቅዳሜ ቤተ ሙከራ የሚመጣ ማነው?" አልኩ። አሥራ አራት ተማሪ መጣ። ያለ ማርክ ነው እንግዲህ።

እስቲ የሠራነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሥራው በራሱ መጥፎ አልነበረም።

እርድን እርድ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። በትክክል ከተነገረ አንድ ሳይሆን ሦስት የሚመሳሰሉ ሞለኪውሎች ናቸው፤ በጅምላ ኩርኩሚኖይድ ይባላሉ። በደረቅ እርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ይሆናሉ። የቀረው ስታርች፣ ቃጫና የሚሸተው ዘይት ነው። ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ዘይትና አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። አልጫ ስትሠሩ እርዱ ዘይቱ ላይ ሲገባ ወዲያው ድስቱን ቢጫ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ቢጫ ነገር ቢጫ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ኩርኩሚን በብዛት የሚውጠው 425 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፤ በሰማያዊና በሐምራዊ ድንበር ላይ ማለት ነው። እንግዲህ በአልኮል የተሟሟ እርድ ይዘህ ሰማያዊ ብርሃን ብታሳልፍበት፣ ምን ያህሉ እንደተዋጠ አይተህ ምን ያህል ኩርኩሚን እንዳለ ማስላት ትችላለህ። የቢርና ላምበርት ሕግ የሚሉት ነው። ሻዩ በወፈረ ቁጥር ከብርጭቆው ጀርባ ያለው ጽሑፍ እየጠፋ እንደሚሄደው ያለ ነገር ነው፣ ልዩነቱ በቁጥር መሆኑ ብቻ ነው።

ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ስፔክትሮፎቶሜትር ይባላል። እኛ ጋ የለም። ስልክ ግን አለ። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ እያንዳንዱን ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብሎ በሦስት ቁጥር ይመዘግበዋል። ሰማያዊውን ቁጥር መከታተል ነው እንግዲህ። ከእናቴ ቤት እርድ አመጣሁ። 1 ግራም መዝነን 100 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍነው፣ በማጥሪያ ወረቀት አጠለልነው። ከጥልሉ በኢንሱሊን ሲሪንጅ 0.1፣ 0.2፣ 0.3፣ 0.4 እና 0.5 ሚሊ ሊትር እየቀዳን አምስት የሙከራ ቱቦ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር በሚሆን አልኮል አቀጠንነው። ከጀርባ ነጭ ወረቀት፣ ከፊት ስልክ። መስኮቱን በጋዋን ሸፈንነው፣ የደመናው መምጣትና መሄድ ቁጥሩን ሲያበላሽብን።

ነጥቦቹን ግራፍ ወረቀት ላይ ሲያስቀምጧቸው አራቱ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። አምስተኛዋ ትንሽ ጎበጠች፤ በጣም ሲወፍር ስልኩ መለየት ያቅተዋል። አንዷ ተማሪ ማስመሪያዋን አስቀምጣ መስመሩን ስታሰምር ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጽሐፍ ያየነው ቀጥታ መስመር ከእናቴ ኩሽና ወጣ! ያን ቀን የሁላችንም ጣት ቢጫ ነበር። እናቴ ደግሞ "ለምንድነው ደግሞ እርዴን የምትጨርሰው?" ብላኛለች።

ቀጥለን የልጅቷን ዱቄት በዚያው መንገድ ለካን። ከእናቴ እርድ አንድ ተኩል እጥፍ ወጣ። ደግመን ለካን፣ ያው ነው። የእናቴን እርድ 3 በመቶ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት፤ ለምን 3? መሃል ላይ ያለ ስለሆነ። 3 ሲባዛ በ1.5፣ 4.5። ይኸው "4.5 በመቶ ኩርኩሚን፣ ጥራቱ ከፍተኛ" ብዬ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፌ ፈረምኩላት። ማኅተም የለውም፣ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ነገርም የለም። እኔና ፊርማዬ ብቻ ነን። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ቻናሏ ላይ ለጠፈችው። ልቤ ሞቅ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰዎች "መምህራችን!" እያሉ ላኩልኝ።

መጋቢት ላይ አንዲት እናት ትምህርት ቤት መጡ። የልጃቸውን ነጥብ ሊጠይቁ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። ነጠላቸውን ከጉንጫቸው ገለጥ አደረጉት። ሁለቱም ጉንጭ ቀልቶ፣ ቆዳው እንደ ቅርፊት ተላጥቷል። ለማዲያት ብለው ነው የገዙት። ሦስተኛው ቀን ላይ ማሳከክ ጀመረ፤ "እየሠራ ነው" ብለው ቀጠሉበት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ነርሷ "ማንኛውንም ቅባት አቁሚ" አለቻቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ነው ያሉት፦

"መምህር፣ እርስዎ ፈርመውበት የለ እንዴ? እኔ እኮ ልጄን የሚያስተምሩት እርስዎ ስለሆኑ ነው የገዛሁት።"

ምን ብዬ ልመልስ? "እኔ የለካሁት ዱቄቱን ነው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ዱቄቱን ነው የለካሁት። ወረቀቱ ግን የተለጠፈው ቅባቱ ላይ ነው።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጬ አሰላሁት። ለ500 ግራም ቅባት የምትጨምረው የእርድ ዱቄት 20 ግራም ነው። አታጠራውም፣ ዱቄቱ እዚያው ውስጥ ነው የሚቀረው። ዱቄቱ በእርግጥ 4.5 በመቶ ቢሆን እንኳን፣ 20 ግራሙ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 0.9 ግራም ነው። 0.9 ግራም በ500 ግራም ውስጥ 0.18 በመቶ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 4.5 ነው። ሃያ አምስት እጥፍ! ይሄን ስሌት እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ የተሳሳተ ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ይሄ አንደኛው ጥፋት ነው፣ ትንሹ።

ሁለተኛው፣ የእናቴን እርድ 3 በመቶ ነው ያልኩት ማን ነግሮኝ ነው? ሜትር ለመለካት ሜትር ያስፈልጋል። ላቦራቶሪዎች ንፁህ ኩርኩሚን ገዝተው፣ የንፅህናው መጠን የተጻፈበትን ማለቴ ነው፣ ከዚያ ጋር ነው የሚያስተያዩት። እኔ ያስተያየሁት ከማላውቀው ነገር ጋር ነው። ስለዚህ ማለት የምችለው "የልጅቷ ዱቄት ከእናቴ እርድ አንድ ተኩል እጥፍ ቢጫ ነው" ብቻ ነበር። ይሄ እውነት ነው። ግን ክዳን ላይ አይለጠፍም።

ሦስተኛው የከፋው ነው፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ስልኩ የሚያየው ቢጫነትን ነው እንጂ ኩርኩሚንን አይደለም። ቢጫ የሆነ ሁሉ ደግሞ ኩርኩሚን አይደለም።

ሰኞ ቤተ ሙከራ ብቻዬን ገባሁ። የማጥሪያ ወረቀት በእርሳስ አሰመርኩ። በስቴኪኒ ጫፍ ከእናቴ እርድ ጥልል አንድ ነጥብ፣ ከልጅቷ ዱቄት ጥልል አንድ ነጥብ አስቀመጥኩና አደረቅሁት። ከዚያ ታችኛውን ጫፍ ጨው ጣል የተደረገበት ውሃ ውስጥ አቆምኩት፤ ነጥቦቹ ከውሃው በላይ። ውሃው ወረቀቱን እየጠጣ ሽቅብ ይወጣል። ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ አብሮ መውጣት አይችልም፤ ባለበት ይቀራል። የእናቴ እርድ ባለበት ቀረ። የልጅቷ ነጥብ ሁለት ሆነ። አንዱ ቢጫ እዚያው ቀረ፣ ሌላው፣ እሱም ደማቅ ቢጫ፣ ከውሃው ጋር ሽቅብ ነጎደ። ወረቀቱን ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ላረጋግጥ ብዬ የጨው አሲድ አወጣሁ (ልጆች፣ ይሄን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት!)። በሁለቱም ጥልል ላይ ጥቂት ጠብታ ሳደርግ ሁለቱም ቀሉ። ንፁህ እርድም በጠንካራ አሲድ ይቀላልና ይሄ ብቻውን ምንም አይናገርም። ውሃ ስጨምርበት ግን የእናቴ ወደ ቢጫው ተመለሰ። የልጅቷ እንደ ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ ቀረ። ሜታኒል የሎው የሚባል የፋብሪካ ቀለም አለ፤ ሕንድ ውስጥ እርድ ለማድመቅ ይጨመራል፣ ለምግብ የተከለከለ ነው፤ ይሄ ምርመራ እሱን ለመያዝ የሚጠቀሙበት ነው። እንግዲህ ያ የ"ከፍተኛ ጥራት" ትርፍ፣ ያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በከፊል የቀለም ነበር። እኔ ደግሞ በሳይንስ ስም ለቀለሙ ማርክ ሰጠሁት። ከመቶ 4.5 መሆኑ ያታለለኝም ለዚህ ነው፤ የሚታመን ቁጥር ነው። 20 በመቶ ቢወጣ ኖሮ እጠረጥር ነበር።

ልጅቷን ደወልኩላት። ዝም አለች። ከዚያ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ቀለም አልጨመርኩም" አለች። አውቃለሁ። የተፈጨ እርድ ነው የገዛችው፣ ደማቁን መርጣ። ማን አይመርጥም? ነጋዴው ጋ ሁለት ማዳበሪያ ቢቀመጥ፣ አንዱ ደብዘዝ ያለ፣ አንዱ እንደ አደይ አበባ የሚያበራ፣ ሁላችንም ወደሚያበራው ነው የምንሄደው። ነጋዴውም ከሌላ ነጋዴ ነው የገዛው፤ ቀለሙ የገባው የት ላይ እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ በማንም ላይ ጣት አልቀስርም። ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ የተደረገና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እርዱን ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል ቀለም ይጨመርበት እንደነበር አሳይቷል። ሊድ ማለት እርሳስ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው ብረት። እና ልብ በሉ፣ ሊድ ክሮሜት ውሃ ውስጥ አይሟሟም። የኔ ወረቀት አይይዘውም። ስለዚህ "የቲቸርን የወረቀት ምርመራ አልፏል" ብላችሁ ደግሞ ሌላ ክዳን ላይ እንዳትለጥፉብኝ።

የእኚያ እናት ፊት የቆሰለው በቀለሙ ነው ወይ? ይሄን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀኛል። እንዲያ ብዬ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አሁንም ያልለካሁትን መናገር ነው የሚሆንብኝ። ቅባቱ ውስጥ እሬት አለ። የእሬት ቅጠል ሁለት ነገር ነው የያዘው፦ ውስጡ ያለው ነጭ እንደ ጄል ያለው ነገር አብዛኛው ውሃ ነው፣ ለቆዳ የሚመረጠው እሱ ነው። ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ፣ መራራ ፈሳሽ ግን አሎይን የሚባል ነገር አለበት፤ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል። ቅጠሉን ቆርጦ ቢጫውን ሳያንጠፈጥፉ፣ ሳያጥቡ መግፈፍ ማለት ሁለቱን ማደባለቅ ነው። "ታንጠፈጥፊዋለሽ?" አልኳት። "አንዳንዴ" አለች። ራሱ ንፁህ እርድም የማይስማማው ቆዳ አለ። ሦስት ተጠርጣሪ፣ አንድ ጉንጭ። እናትየው በሁለት ሳምንት ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማዲያቱ ግን እንዳለ ነው።

የዚያን ሰሞን ክፍል ስገባ እንዶድን ማስተማር ነበረብኝ። በየዓመቱ ይሄን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ ዘንድሮ ግን ራሴን እየወቀስኩ ነው የነገርኳቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። እዚያ ጋ የነበሩት ሴቶች እንዶድ ምን እንደሚያደርግ ከእናቶቻቸው ያውቃሉ፤ አረፋ ይሰጣል፣ ያነጣል። የእሱ ሥራ የጀመረው "ምን ያህል?" ሲል ነው። በስንት ውሃ ቢበጠበጥ ነው የሚገድለው? የየትኛው ቦታ እንዶድ ይበልጣል? ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያስተያየ ሲሠራ፣ አንዱ ከሌላው በጉልበት እንደሚለያይ ታየ፤ ዓይነት 44 የሚባለው ተመረጠ። አንድ ተክል፣ አንድ ስም፣ ግን እኩል አይደለም። ሁለቱ በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከግኝቱ እስከዚያ ሃያ አምስት ዓመት! አብዛኛው ያለቀው በመለካትና ለሌላው ፍጥረት የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን በማረጋገጥ ነው። እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨረስኩት።

አንዱ ተማሪ፣ ቅዳሜ መስመሩ ሲሰመር የነበረ ነው፣ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ታዲያ እኛ የሠራነው ውሸት ነበር?" አለ። አይደለም አልኩት። መስመሩ እውነት ነው። ከመስመሩ ላይ ያነበብኩት ነው ችግሩ። የገባው አይመስለኝም። ወረቀቷን፣ ሁለት የሆነችውን ነጥብ፣ ሳሳየው ግን ገባው።

አሁን ወደ ሳሙናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያሳቀን እሱ ብቻ ነው። ልጅቷ የእርድ ሳሙና ስትሠራ ቢጫው ዱቄት ኮስቲክ ሶዳው ውስጥ ሲገባ ደም መሰለ። ደንግጣ ደፍታዋለች፣ አንድ ሙሉ ባልዲ! "ቲቸር፣ የተረገመ መሰለኝ" ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይሄማ የዘጠነኛ ክፍል ነው። ኩርኩሚን በቤዝ ውስጥ ይቀላል። እኛ ሊትመስ ሲያልቅብን ወረቀት በእርድ ነክረን አድርቀን ነው የምንሠራው፤ የሳሙና ውሃ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲነካው ይመለሳል። የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። ኩርኩሚን በቤዝ ውስጥ ቀልቶ ብቻ አይቀርም፣ ይፈራርሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ መሰባበር ይጀምራል። ሳሙና ቤዝ ነው። ስለዚህ "የእርድ ሳሙና" ተብሎ የሚሸጠው፣ የማንም ይሁን የማን፣ ስንት ማንኪያ እርድ ቢገባበት ውስጡ የሚተርፈው ኩርኩሚን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥሩ ሳሙና ሊሆን ይችላል፣ ያጸዳል። ክዳኑ ላይ ግን መቶኛ አይጻፍበት።

ብርሃንም ጠላቱ ነው። አንድ ማሰሮ ቅባት መስኮት ላይ፣ ሌላውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠን በየሳምንቱ ፎቶ አነሳን። የመስኮቱ ዓይናችን እያየ ገረጣ። እሷ የምትሸጠው በሚያሳይ ፕላስቲክ ነው፣ "ቀለሙ ይታይ" ብላ፤ በፀሐይ ትደረድረዋለች፣ ፎቶው እንዲያምር። የተሠራበት ቀን የነበረው መጠንና ሰው እጅ ሲገባ ያለው መጠን አንድ አይደለም። አሁን ጥቁር ቡናማ ማሰሮ ፈልጋ አግኝታለች።

በትክክል ማስለካት የምትፈልጉ ጠይቃችሁኛል። ኤችፒኤልሲ የሚባል መሣሪያ አለ። ናሙናው ተሟሙቶ በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገፋል። ቱቦው በደቃቅ ዱቄት የታጨቀ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ዱቄቱን እንደየባሕርዩ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፤ ስለዚህ በተለያየ ደቂቃ ይወጣሉ። ሦስቱ ኩርኩሚኖይዶች ለየብቻ፣ ቀለሙም ለብቻው። የኔ ወረቀት በጭፍኑ የሠራውን እሱ በዝርዝር ይሠራዋል፤ ከዚያ ንፅህናው ከታወቀ ኩርኩሚን ጋር ተስተያይቶ ቁጥር ይወጣል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ዋጋ ጠየቅንላት። ከወር ደሞዜ ብዙም አያንስም። ለሦስት ዓይነት ቅባት ስታስበው ካፒታሏ እዚያ ያልቃል። ይሄ ትልቅ ችግር ነው፣ ለትንንሽ ሠሪዎች መለኪያው ከዕቃው ይወደዳል፤ ሳይለካ ይጻፋል፣ ወይም እንደኔ ያለ ሰው ይፈርማል።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ቢወጣስ? "4.5 አለው" ማለትና "ማዲያት ያጠፋል" ማለት ለየቅል ናቸው። ኩርኩሚን ቆዳን ዘልቆ ለመግባት አስቸጋሪ ነው። ማሰሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ጉንጭ ውስጥ አይገባም። የሚያጠፋ ነገር የምትፈልጉ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ፤ በሳምንት ውስጥ ፊት የሚያነጣ "የተፈጥሮ ቅባት" ካያችሁ ሽሹ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ተክል አይደለም ሥራውን የሚሠራው። ሜርኩሪ ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ የሚናማታ ስምምነት እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለመዋቢያ ፈቅዶት የነበረው ጣሪያ በኪሎ 1 ሚሊግራም ነበር። ሃይድሮኪኖን ሊሆን ይችላል፣ የአውሮፓ ኅብረት ከማንጫ ቅባቶች ያገደው። ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ፤ መጀመሪያ ያሳምራል፣ ቆዳውን እያሳሳ፣ ስታቆሙት ብሶ ይመጣል። እነዚህን ስልክ አያያቸውም። ቀለም የላቸውምና። ለማዲያት ዋናው ነገር ከፀሐይ መከለል ነው ይላሉ ሐኪሞች። እናቴም ጃንጥላ ትላለች፣ ያለ ዲፕሎማ።

ልጅቷ አላቆመችም። እኔም አላቁሚ አላልኳት። ቅዳሜ ገበያ ሄደን ያልተፈጨ፣ ደረቅ የእርድ ሥር ገዛን፤ ከቴፒ የመጣ ነው አለ ሻጩ። ሰብረን ውስጡን አየን፣ አጥባ አድርቃ ራሷ አስፈጨችው። ወረቀቱ ላይ ነጥቡ ባለበት ቀረ። ደብዘዝ ያለ ነው ዱቄቱ፣ ፎቶ ላይ አያምርም። "ሰው ይሄን አይገዛኝም" ብላ ፈርታለች። አዲሱ ክዳን ላይ የጻፈችው "እርድ 20 ግራም በ500 ግራም" ነው፤ ያስገባችውን ያህል፣ መዝና። የተሠራበት ቀን አለበት። "መጀመሪያ ክንድ ላይ ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ" የሚልም አለበት። የኔ ስም የለበትም።

ለአርባ ሦስት ሰው ሸጣለች፣ ደብተሯ ላይ ስልካቸው አለ። እስከ ትናንት ሃያ ስድስቱን አግኝታለች። ዘጠኙ "ተስማምቶናል፣ አንመልስም" አሉ። ለእኚያ እናት ብራቸውን ይዘን አብረን ሄድን። ቡና አፍልተው ጠበቁን፣ ብሩን ግን አልቀበልም ብለው ስንለማመጥ አመሸን። በመጨረሻ ልጃቸው ተቀበለን።

የቀሩትን አሥራ ሰባት ሰዎች ስልካቸው አይሠራም፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ለዘመድ ወደ ሌላ ከተማ የላኩ ናቸው። ይሄን ያነበባችሁ እባካችሁ ሼር አድርጉት። የፈረምኩበት ወረቀት ፎቶ እስካሁን በሌሎች ሁለት ቻናሎች ላይ ይዞራል፤ የማላውቃቸው ሰዎች ለራሳቸው ቅባት ለጥፈውታል። ካያችሁት ሊንኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቤተ ሙከራ እንከፍታለን። ቤታችሁ ያለ የተፈጨ እርድ አንድ ማንኪያ በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡ፤ ከየት እንደገዛችሁ አትጻፉበት፣ ቁጥር ብቻ እንሰጠዋለን። አሥረኛ ክፍሎች፣ ጋዋን አትርሱ፤ አልኮል የሚገዛው ከኪሴ ስለሆነ የምትችሉ አንድ አንድ ጠርሙስ ብታግዙኝ አልጠላም።